የጸሎት ርዕስ ልስጥ ወይስ ልቻለው?

የጀሞዋ | ማክሰኞ ማታ 3፡40

ሰላም ቅዱሳን። ስሜን አልጽፍም። ከአጻጻፌ የምታውቁኝ ካላችሁ እባካችሁ ዝም በሉ።

ባለቤቴ ቤቲንግ ይጫወታል። ሲጀምር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ነበር፣ ትንሽ ብር። አሁን በየቀኑ ነው። ኳስ በሌለበት ቀን እንኳ ስልኩ ላይ አውሮፕላን የምትነሳበት ጨዋታ አለች፣ እሷን ሲያይ ያመሻል። ደሞዝ ገብቶ ሳምንት አይቆይም።

ጉዱን ያወቅኩት በእቁብ ነው። ዕጣው ወጥቶለት ብሩን ከወሰደ ቆይቷል፣ ለኔ ግን "ገና አልደረሰንም" ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ዋስ የሆነለት ሰውዬ ደወለልኝ። "እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ከጣለ ቆየ፣ ዳኛው እኔን ይዞኛል" አለኝ። ወጥ እየሠራሁ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ "እሺ፣ እነግረዋለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ሽንኩርቱ ሲያር ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ረቡዕ ረቡዕ የቤት ኅብረት አለን። መጨረሻ ላይ መሪያችን ደብተሯን አውጥታ "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ትላለች። በየተራ እንናገራለን፣ እሷ ትጽፋለች። ማታ ደግሞ ሳምንቱን እንድንጸልይበት ቴሌግራም ላይ ትለጥፈዋለች። እሱ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። ሁልጊዜ "ለልጆቼ ትምህርት፣ ለሥራዬ" እላለሁ። ውስጤ ግን እያረረ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ባሏ ከሥራ መውጣቱን ተናግራ ነበር፤ እሱ በሌለበት። እሑድ ጠዋት በር ላይ ሰው ሁሉ እጁን እየጨበጠ "አይዞህ፣ ጌታ በር ይከፍታል" ይለዋል። ሰውየው ለገዛ እናቱ እንኳ አልተናገረም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አላየናቸውም።

ሌላም አለ። ባለቤቴ አስተናጋጅ ነው። መባ ይሰበስባል፣ ይቆጥራልም። አንዲት ሳንቲም ነክቷል አላልኩም፣ አላይምም። ግን እሑድ ያንን ከረጢት ይዞ ሲያልፍ ሆዴ ይላወሳል።

ልንገር? ለማን? ምን ብዬ?

ቃልኪዳን | ማክሰኞ ማታ 3፡52

አሜን፣ ጌታ ጣልቃ ይግባ። በጸሎት አስብሻለሁ እህቴ።

ትርሲት 21 | ማክሰኞ ማታ 3፡58

አሜን

የብርሃን ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡05

አሜን አሜን!! ጠላት ያፍራል

ዘመርካቶ | ማክሰኞ ማታ 4፡11

ወገን፣ ጥያቄ ጠየቀች እኮ። አሜን ብላችሁ አለፋችሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ ጠዋት 1፡20

እህቴ፣ እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እኛ ጋ የጸሎት መስመር የሚባል አለ። ሰው ሥራ ሳይገባ በሌሊት ይደወላል፣ ከዳላስም ከሲያትልም ይገባሉ። አንዱ ማይኩን ረስቶ ድስት ሲያጥብ ይሰማል፣ አንዷ ልጇን ትቆጣለች፣ ግን ይጸለያል። ደስ ይላል።

ችግሩ የጸሎት ርዕስ ሲመጣ ነው። "ስም አልጠራም፣ ስለ አንድ ወንድም እንጸልይ" ይባልና "ሦስት ልጆች ያሉት፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ባለቤቱ ነርስ የሆነች፣ ትዳሩ ውስጥ ነገር የገባበት" ይቀጥላል። ስም አልተጠራም! ከተማው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ግን ቤቱን ከነቁጥሩ አወቀው።

በኋላ የመስመሩ አስተባባሪዎች አንድ ነገር ወሰኑ። ማንም የራሱን ብቻ ነው የሚናገረው። የባሏን ጉዳይ ሚስት፣ የእናቱን በሽታ ልጅ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አያቀርብም። መጀመሪያ ሰው ቅር አለው፤ "ታዲያ ስለ ምን እንጸልይ?" ያለም ነበር። ገርሞኛል፣ ለካ አብዛኛው ርዕሳችን የሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ አንቺ "ባለቤቴ እንዲህ ያደርጋል" ሳይሆን "እኔ ፈርቻለሁ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ጸልዩልኝ" ብትዪ ውሸት የለበትም። ፍርሃቱ ያንቺ ነው፣ እንደፈለግሽ ትናገሪዋለሽ።

አገልጋይ ነኝ | ረቡዕ ጠዋት 2፡02

ይሄ የቁማር መንፈስ ነው። በዝምታ አይለቅም። ነቢይ ዘንድ ይዘሽው ሂጂ፣ በሕዝብ ፊት ይጋለጥ፣ በዚያው ነጻ ይወጣል። ሌላው ሁሉ የሰው ምክር ነው።

ዘመርካቶ | ረቡዕ ጠዋት 2፡09

በሕዝብ ፊት ተጋልጦ፣ ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተሳልቆባቸው… ነጻ የወጣው ማነው?

ተበልቼ የተረፍኩ | ረቡዕ ቀን 6፡30

እኔ ራሴ ተጫዋች ነበርኩ፣ ስለዚህ ይቺን ጽሑፍ ሥራ ላይ ሆኜ ሁለቴ ነው ያነበብኳት።

ወንድሜ "አገልጋይ ነኝ"፣ ያልከውን አድርጌዋለሁ። ኮንፈረንስ ላይ ወጣሁ፣ ተጸለየልኝ፣ አለቀስኩ፣ እውነትም ነበር ለቅሶው። በሳምንቱ ምስክርነት ስጥ ተባልኩ። ማይክ ይዤ "ነጻ ወጥቻለሁ" አልኩ፣ ሰው እልል አለ። ወር ሳይሞላኝ አንድ ቅዳሜ ተመልሼ የአሥር ጨዋታ ቲኬት ቆረጥኩ። ዘጠኙ ገባ፣ አሥረኛው ተበላ። የዚያን ቀን ለማን ልናገር? መስክሬያለሁ እኮ! ሁለት ሺህ ሰው ነጻ መውጣቴን ያውቃል። ከዚያ በፊት ሚስቴን ብቻ ነበር የምዋሸው። ከምስክርነቱ በኋላ ጉባኤውን ሁሉ መዋሸት ነበረብኝ።

የጠቀመኝ ሌላ ነው። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ሰው። ምንም ስብከት አላበዙም። "ደሞዝህን ለባለቤትህ አስገባ፣ ቴሌብርህን ዝጋ፣ ስልክህን በባለ ቁልፍ ስልክ ቀይር፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ና" አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት! ሰዓቱን ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጸልይልኝ እሑድ ነበር፣ የምበላው ግን ቅዳሜ። እቤታቸው ሄጄ ቡና እንጠጣለን፣ ዳማ እንጫወታለን፣ ጨዋታዎቹ ሲያልቁ እሄዳለሁ። ስወድቅ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፣ "እሺ፣ ቅዳሜ ና" ይሉኛል። ለማንም አልተናገሩም፣ እስከ ዛሬ።

ሐኪምም አየሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን ከበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ነገር ነው፣ "ጸባይህ ነው" ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሥነ አእምሮ ሐኪም ማየት እምነት ማጣት የሚመስለው ካለ በኋላ እንከራከራለን።

የጀሞዋ፣ አንድ ነገር ብቻ። ዕዳውን አንቺ እየከፈልሽ አትደብቂለት። እቁቡን ከሞላሽለት ለሚቀጥለው ቲኬት መንገድ ጠረግሽለት ማለት ነው።

ወለተ ኪዳን | ረቡዕ ቀን 7፡15

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በማላውቀው ቤት ከገባሁ ይቅርታ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለው ነገር ለንስሐ አባት ነው የሚነገረው። እሳቸው የሰሙትን አያወጡም፣ ቢያወጡ ክህነታቸው ነው የሚነካው። በጽዋ ማኅበር ግን ዝርዝር የሚባል የለም። "ወለተ እገሌን በጸሎት አስቡልኝ" ነው፣ በክርስትና ስም። ቄሱም ሰውም ምን ሆነች ሳይል ይጸልያል።

ሐናን አስቢያት። ልጅ አጥታ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት። እሷ ያለችው "ልቤ ያዘነብኝ ሴት ነኝ" ብቻ ነው። ልጅ ነው የለመንኩት አላለችም። እሱም "በደኅና ሂጂ፤ የእስራኤልም አምላክ የለመንሽውን ልመና ይስጥሽ" አላት። የለመነችውን ሳያውቅ ነው የመረቃት! ሳሙኤል መጣ።

በኛ ቤት ሁሉ ደኅና ነው እያልኩ አይደለም። አንዳንድ ጸበል ቦታ የሰው ገመና በድምፅ ማጉያ ሲነገር፣ ሲቀረጽም አይቻለሁ። መድኃኒቱን አስጥለው የሰው ነፍስ የጠፋበትም አለ። ፓትርያርካችን የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዱ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ናትናኤል ዘደብረ | ረቡዕ ቀን 7፡40

ለሰው ተናዘዙ የሚለው የት ተጽፏል?

ወለተ ኪዳን | ረቡዕ ቀን 7፡44

ያዕቆብ 5፥16። በናንተም መጽሐፍ አለ ወንድሜ።

አወያይ | ረቡዕ ቀን 8፡00

ከዚህ በኋላ ያሉ አሥራ አንድ መልእክቶች ወርደዋል። የኑዛዜ ክርክር ሌላ ክር ላይ ይቀጥል። እዚህ የእህታችን ጉዳይ ነው።

አሮጌው አማኝ | ረቡዕ ማታ 1፡10

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ነበር የምንሰበሰበው፣ አምስት ስድስት ሆነን። አንዱ በር ላይ ይቆማል። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። ያኔ ደብተር የሚባል አልነበረም! የጸሎት ርዕስ ወረቀት ላይ ከሰፈረ የሰው ስም አለበት፣ ስም ካለ መታሰር አለ። አንዱ በሌላው ጆሮ ይናገራል፣ በዚያው ይቀራል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ሲወሰዱ የት እንዳደረሷቸው የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ይመለሳሉ ብለን ስንጸልይ ኖርን። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፣ በ1984 ተቀበሩ። ይህን የምልሽ የጸለይነው ሁሉ እንደጠበቅነው አለመሆኑን ስለማውቅ ነው።

አሁን ነጻነት አለና ሁሉን እንጽፋለን፣ ሁሉን እንለጥፋለን። ለመሪያችሁ "እህቴ፣ ደብተሩን ዝጊው፣ በልብሽ ያዢው" በያት። ካልቻለች ጉዳይሽን አትስጫት። የታመነ አንድ ሰው ይበቃሻል። ጌታችንም በጌቴሴማኒ "ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች" ያለው ለሦስቱ ነው፣ ለአሥራ ሁለቱም አይደለም።

ዘመርካቶ | ረቡዕ ማታ 1፡18

ሦስቱም ተኙ እንጂ ጋሼ 😄

አሮጌው አማኝ | ረቡዕ ማታ 1፡31

ተኙ። እሱ ግን ነገራቸው።

ቤይሩት ሆኜ | ረቡዕ ማታ 5፡50

ማዳም ተኝታ ነው የምጽፈው። የእህቴን ሳነብ የኔ ወንድም ትዝ አለኝ። ለእናቴ መድኃኒት የምልከውን ይጫወትበታል። እናቴ ትደብቅለታለች። እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት አጥቤ፣ እሱ እዚያ ማንቸስተር ያሸንፋል ይላል።

እሑድ ዕረፍት ያላቸው ቸርች ይሄዳሉ። እኔ አይፈቀድልኝም። እነሱ ስልክ ከፍተው ኪስ ውስጥ ያስቀምጡልኛል፣ እኔ ማዕድ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። የጸሎት ርዕስ ሲባል እኔ ስለማልናገር "ያቺም ልጅ" ይሉኛል። ለኔ ያ ይበቃኛል። 

አሁን ደግሞ የሁለት ወር ደሞዝ ይዛብኛለች። ክሩ የኔ አይደለም፣ ይቅርታ። ግን ጸልዩልኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ሐሙስ ጠዋት 1፡05

የኔ እህት፣ ምን ይቅርታ አለው። ነገ ሌሊት መስመር ላይ "ያቺን ልጅ" እንላለን። ፓስፖርትሽ በእጅሽ ነው? የምትታመኝበት ሰው ካለ የቀረብሽን ደሞዝ በየወሩ በጽሑፍ ያዥ፣ ብትችዪ ፎቶም አንሺ።

ሒሳብ ሹም | ሐሙስ ጠዋት 3፡30

ሁሉም የሸሸውን እኔ ልናገር። ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ይቆጥራል። ሱሰኛ ሰው ጥሬ ገንዘብ አጠገብ ማስቀመጥ ለሱም ጭካኔ ነው። ሽማግሌዎች ማወቅ አለባቸው። ይሄ የጸሎት ርዕስ አይደለም፣ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ነገ አንድ ሺህ ብር ቢጎድል "ሚስቱ ታውቅ ነበር" ይባላል።

የመጋቢ ባለቤት | ሐሙስ ጠዋት 4፡45

ሒሳብ ሹም ያልከው ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ልክ አይደለም። ማቴዎስ 18 "ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው" ይላል። መጀመሪያ ሁለቱ ናቸው። እህቴ፣ እስካሁን ፊት ለፊት አልነገርሽውም፣ ከጽሑፍሽ እንደገባኝ። ዋሱ እንደደወለልሽም አያውቅም። ከሱ በፊት እኛ ሰማን ማለት ነው።

ንገሪው። ከዚያ ራሱ ሄዶ "ለጊዜው ከአስተናጋጅነት ልረፍ" ይበል። ምክንያት የመናገር ግዴታ የለበትም፣ በኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አረፍኩ ሲል ለምን ተብሎ አይመረመርም። እምቢ ካለና ከረጢቱን መያዙን ከቀጠለ፣ ያኔ ወደ አንድ ሽማግሌ ትሄጃለሽ፣ ይሄንንም አስቀድመሽ ትነግሪዋለሽ። ከጀርባው አይሁን።

ደግሞ ቆጠራ ሁለት ሰው ሆኖ ተፈራርሞ ካልሆነ፣ ያንቺ ባል ባይኖርም ችግር አለ።

በነገራችን ላይ ሁሉም "ለመጋቢ ንገሪ፣ ለመጋቢ ሚስት ንገሪ" ይላል። እኛስ? የኔ ልጅ ጫት ሲጀምር ለማን ነበር የምናገረው? ሌላ ከተማ ላለች የሌላ መጋቢ ሚስት ነው የነገርኳት፣ እሷም የሷን ነገረችኝ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ተበልቼ የተረፍኩ | ሐሙስ ጠዋት 5፡00

በዚህ እስማማለሁ። ሚስቴ ሰው ፊት ሳታቀርበኝ ለብቻዬ ነግራኝ ቢሆን ኖሮ አልልም፣ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። ግን ሁለተኛውን ሰው ይዛ ስትመጣ "ቀድማ ነግራኛለች" የሚለው ነገር አፌን ዘጋው።

ጥቁር ካባ | ሐሙስ ቀን 9፡20

ጠበቃ ነኝ፣ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የገባሁት። ኮንዶሚኒየም ካላችሁና በጋብቻ ውስጥ የመጣ ከሆነ የጋራ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤትን ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ የሁለታችሁን ስምምነት ይጠይቃል። አራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ ከሆነ "ዝም ብለሽ ፈርሚልኝ" ብሎ የሚያመጣው ወረቀት ይኖራል። ሳታነቢ አትፈርሚ። እየጸለይሽም ቢሆን።

የጀሞዋ | እሑድ ማታ 2፡15

ቅዱሳን፣ ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ረቡዕ ኅብረት አልሄድኩም፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። እውነትም አሞኝ ነበር።

ዓርብ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነገርኩት። ዋሱ እንደደወለ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ "ውሸቱን ነው" አለ። ቀጥሎ "ማን ነው የነገረሽ፣ ለማን ነው የነገርሽው" አለ። ያሳሰበው ይሄ ነበር፣ ብሩ አይደለም። ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። እኩለ ሌሊት አካባቢ ተመለሰ። ምንም አላወራንም፣ እንጀራ አቀረብኩለት፣ በላ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ነኝ የጀመርኩት። "እኔ ብቻዬን አልችለውም። ለአንድ ሰው መናገር አለብኝ። ሰውየውን አንተ ምረጥ" አልኩት። መሪያችንን ወይም ሽማግሌ ይመርጣል ብዬ ነበር። ዋሱን መረጠ! ዋሱ ሙስሊም ነው፣ የሰፈራችን ባለ ሱቅ። "እሱ አስቀድሞ ያውቃል፣ ለቸርች ሰው ደግሞ አያወራም" አለኝ። ምን ልበል? ሳቄ መጣ። አብረን ሄድን። ሰውየው ሻይ አስመጣና "ደሞዝህ ሲገባ ለሷ፣ እሷ ለኔ፣ እኔ ለዳኛው" አለ። አለቀ። ከቤቱ ስንወጣ "ዱዓ አደርግላችኋለሁ" አለን።

ስለ መባው፣ ዛሬ ጠዋት ለአስተናጋጆቹ ኃላፊ ለጊዜው ልረፍ ብሎታል። አጠገቡ አልነበርኩም፣ እሱ ነው የነገረኝ። ግን ዛሬ ከረጢት አልያዘም፣ ከኔ ጋር ተቀምጦ አመለከ።

ሐኪሙን እምቢ ብሏል። "እብድ ነኝ እንዴ" ነው የሚለው። ቴሌብሩንም አልዘጋም። ትናንት ማታ ስልኩን ይዞ መታጠቢያ ቤት ቆይቷል፣ ምን እንዳደረገ አላውቅም።

የሚቀጥለው ረቡዕ "ለቤታችን ሰላም ጸልዩልን" ልል ነው። ደብተሩ ላይ እንዳይጻፍ እጠይቃታለሁ። ቅር ካላት ይበላት።

ተበልቼ የተረፍኩ | እሑድ ማታ 2፡40

ሐኪሙን እኔም ብዙ ጊዜ እምቢ ብያለሁ። አትግፊው፣ አትተዪውም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ባዶ እንዳይሆን። ከፈለገ በውስጥ መልእክት ይጻፍልኝ፣ አየር ጤና አካባቢ ነኝ፣ ዳማ አለኝ።

የጀሞዋ | እሑድ ማታ 3፡05

አሳየሁት። "ዳማ ይችላል ወይ" ብሎኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ሰኞ ጠዋት 1፡10

ቤይሩት ያለሽው፣ ደሞዙ ነገር እንዴት ሆነ?

ቤይሩት ሆኜ | ሰኞ ማታ 6፡05

የአንዱን ወር ሰጥታኛለች። ሌላውን "ነገ" ትላለች። ዘንድሮ ለወንድሜ አልልክም፣ ፋርማሲው ራሱ ለእናቴ እንዲሰጥ ለጎረቤታችን ነው የላክሁት። እናቴ ተቀይማኛለች። ለሷም ጸልዩ፣ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሳችም።